እስከ ሠላሳ የተሞላው ቅጽ

ነይ እዚህ ጋ አረፍ በይ፣ የአክስቴ ልጅ። አግዳሚው ይበቃናል፤ ጫፍ ላይ ያሉት እመቤትም ጠጋ ብለውልናል... እግዜር ይስጥልን። የዛሬው ሙቀት ግን ምን ጉድ ነው? ኮሪደሩ እንዲህ ከጋለ ቢሮው ውስጥ እንዴት ሊሆኑ ነው?

እኔማ ሙቀቱም አልተሰማኝ! ሰርተፍኬቴን ልወስድ መጥቼ ምን ይሰማኛል? ሦስት ጠረጴዛ ላላት ምግብ ቤቴ! የጤና ተቆጣጣሪው ምድጃ ሥር ድረስ በባትሪ አይቶ «ንጹሕ ነው» አለኝ። አስቢው፣ እኔን! «እጇ ቆሻሻ ነው» ተብዬ ከዘጠኝ ዓመት ሥራዬ የተባረርኩትን! ስንት ቤት አንኳኩቼ፣ በዚያች አንዲት ቃል ስንቱ በር ተዘጋብኝ... ተይው፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ሰው አላማም።

ማመስገን ግን ሐሜት ነው እንዴ? አንዲት ባለ ሬስቶራንት አውቃለሁ፣ አርቆ አሳቢ! የማቀዝቀዣው ሙቀት በየቀኑ ተለክቶ ቅጽ ላይ ይሞላ የለ? እኛ ሞኞቹ ጠዋት ማታ ቴርሞሜትር ይዘን እንንበረከካለን። እሳቸው ወሩ በባተ በመጀመሪያው ቀን እግራቸውን አነባብረው፣ በአንድ እስክሪብቶ እስከ ሠላሳ ድረስ «አራት ዲግሪ፣ አራት ዲግሪ» ብለው ይገላግሉታል። ነቢይ ብላቸው ይበዛባቸዋል? አንዲት ወጥ ሠሪ ግን «ያልነጋ ቀን አልፈርምም» አለቻቸው። በማግስቱ እጇ ቆሸሸ... ምን ይደረግ።

ታዲያ ባለፈው ወር፣ ገና በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ከች! ቅጹን ቢያነብ የሃያ ሰባተኛው ቀን ማታም አራት ዲግሪ ነው። ማቀዝቀዣውን ቢከፍት መብራቷ እንኳ አልበራችም፤ ከሞተ ሳምንት አልፎታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሳቸው ዶሮ እያደር ምን እንደሆነ ግን... አፍንጫ ያለው ይናገር። ኧረ ቀስ ብለሽ ሳቂ፣ ሰው አለ! ውይ እመቤት፣ ላብ በላብ ሆኑ እኮ! ሶፍት ልስጥዎት?

በራቸው ላይ የተለጠፈችው «ታሽጓል» የምትል ቀይ ወረቀት ደግሞ እንዴት አምራለች መሰለሽ! ስንት ዘመን ምናሌያቸውን ዞር ብሎ ያላየው መንገደኛ ሁሉ ዛሬ ቆሞ ያነባል። ይህም ዝና ነው፣ አይደለም እንዴ? አሁን «ይከፈትልኝ» ብለው ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳሉ ይላሉ... የት የት እንደሚቀመጡ እንጃ።

ስሜን ጠሩኝ! ሰማሽ? ከነአባቴ ነው የጠሩኝ! ቦርሳዬን ያዥልኝ፣ እየሳቅኩ ልግባ።

ቆይ፣ ሳልመርቃቸውማ አልገባም። እኔ ቂም አላውቅም። ቤታቸው ቶሎ ይከፈትላቸው፣ ገበያቸው ይድራ፣ ድስታቸው አይጉደል። የገዛ ልጆቻቸውንም ለአንድ ቀን እንኳ ከዚያው ድስት ለማጉረስ ያብቃቸው። አሜን በይ እንጂ!