ስፔን የገባችው ልጅ

ከሰሚት ቦሌ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። እኔ መስኮት ይዣለሁ፤ አጠገቤ ደብተር የዘረጋች ወጣት፣ ከእሷ ቀጥሎ አንዲት እናት ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው የምታጠኚው ልጄ?»

«ስፓኒሽ ነው ማዘር። ‹ፍሩስትራር› የሚል ግስ። ያሰቡት ነገር ሲከሽፍ የሚባል ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር ሥሪበት ተብዬ፣ ‹ጉዞዬ ከሸፈ› ብዬ ጽፌ ቆምኩ።»

«ውይ! የራስሽን ነው?»

«አዎ። ቪዛ ከለከሉኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን ያስጠናሻል?»

«ምን ላድርግ? እማዬ መልሱ ሳይመጣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ሸኘችኝ። በግ ታረደ፣ ተመረቅሁ፣ ተለቀሰ። ሲከለክሉኝ ደግሞ ‹በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ› ብላ ሰሚት አክስቴ ቤት ደበቀችኝ።»

«ጎረቤቶቹስ?»

«ለእነሱ ስፔን ነኝ። ‹ብርዱን ለመደችው?› ሲሏት ‹ለምዳዋለች› ትላለች።»

«እስከ መቼ?»

«እሷን ይጠይቁልኝ! ለሚቀጥለው ዓመት አመልክቺ፣ እስከዚያ ቋንቋውን ልመጂ ብላኛለች።»

«ለመሆኑ ሰፈራችሁ የት ነው?»

«ገርጂ። አሁን እናልፍበታለን» አለችና ሻርፗን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

ገርጂ ስንደርስ ጠጋ ብዬ መስኮቱን በትከሻዬ ሸፈንኩት።