የአባ ይሄይስ የጋዝ ምድጃ

በሱዳን በኩል አልፈን እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። አንድ ማክሰኞ፣ እኔና የምስራች በመሀል ከተማ ወደ ሰፈራችን ወደ አፉላ ኢሊት የሚወጣውን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ አባ ይሄይስ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። በወገራ ስማቸው የታወቀ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። የምስራች ለወገኖቻችን የዕቃ አጠቃቀም መመሪያ በአማርኛ ታዘጋጃለች፤ እኔ በጽሕፈት መኪና እጽፍላታለሁ።

የታቀፉት የጋዝ ምድጃቸውን ነው፤ ወደ ሰጣቸው ሚስራድ፣ ወደ መንግሥት ቢሮው ሊመልሱት። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው ሸጋዬ ሲለኩሱት ድንገት ቦግ ብሎ እጃቸውን ለብልቧቸዋል። ሐሙስ ከሆስፒታል ይወጣሉ። አባ ይሄይስ ቀን ቀን ፋብሪካ ስለሚውሉ፣ ሚስታቸውን ከዚህ እሳት ጋር ብቻቸውን ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም።

«መመሪያ አልነበረውም?» አለች የምስራች።

«ነበረው እንጂ። እኔው እያነበብኩላት ነው የለኮሰችው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አየሽ ልጄ፣ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው። አባቴ ወናፍ ሲያስይዘኝ ወረቀት አልሰጠኝም። ወረቀት እሳት አያውቅም።»

የምስራች አልተከራከረቻቸውም። ወረቀቱን እንደዚያን ዕለት አድርገው እንዲያነቡላት ለመነቻቸው። ሲያነቡ ጣታቸውን ነበር የምታየው። አንድ ቃል ቢቸግራቸው ልረዳቸው አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሰመችኝ። አንባቢ ሲቸገር ዝም ብሎ ማየት ቀላል ይመስላል፤ እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩበትም።

ጣታቸው ከግራ ተነሣ። «ማዞሪያውን ያዙሩ። ክብሪት ይጫሩ። መስኮት ይክፈቱ።»

«አባ፣ መስኮት ከእሳት በኋላ ይከፈታል?»

«አይከፈትም። ከሰል ቢሆን ወረቀቱን አልሰማውም ነበር። ጋዝን ስለማላውቅ አመንኩት።»

ያን ጊዜ አስረዳቻቸው። ሥዕሎቹ የተደረደሩት ለዕብራይስጥ አንባቢ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። አማርኛውን ያዘጋጀው ሰው ሥዕሎቹን ሳያዛውር ከግርጌያቸው ቃል ለጠፈ። እኛ ከግራ ስለምንጀምር መጨረሻው መጀመሪያ ሆነ።

«እርስዎ በትክክል ነው ያነበቡት» አለች። «የጻፈው ሰው ግን ሲነበብ አላየም።»

አባ ይሄይስ ምድጃውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት። ሳምንቱን ሙሉ የተሸከሙት ምድጃውን ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ።

«ሸጋዬ እኮ ፊደል አትለይም» አሉ በመጨረሻ። «ለሷስ ምን ትጽፊላታለሽ?»

የምስራች ከቦርሳዋ መቀስ፣ ሙጫና እርሳስ አወጣች። ሥዕሎቹን ቆራርጣ ከላይ ወደ ታች ደረደረቻቸው፤ በየትኛውም ፊደል ላደገ ሰው መጀመሪያው ላይኛው ነው። በአንድ ሥዕል አንድ ሥራ ብቻ ተወች። ቁጥር ልትጽፍ ስትል አባ ይሄይስ ጎንበስ አሉ።

«ቁጥሩን ተይው። እኔ የየሰዉን ማረሻ በጭረት ነበር የምለየው። ደግሞ ‘አትንካ’ የሚባለው ብረቱ ከእሳት ከመውጣቱ በፊት ነው።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጭረት አደረገችባቸው። ከሁሉም በላይ፣ ክብሪት ሳይጫር ማዞሪያው እንዳይነካ የሚከለክል ሥዕል ሣለች።

«ይኸው፣ ከእጅ ወደ እጅ አልኩሽ» አሉ።

«ወረቀቱም እጅ ነው፣ አባ። እርስዎ ፋብሪካ ሲውሉ ከእማማ ጋር የሚቆይ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? ጣትህ ምንም አልሻከረም» ብለው ምድጃውን አሸከሙኝ። ወደ ቤት መለስነው።

ሐሙስ እማማ ሸጋዬ ከምድጃው ፊት ብዙ ቆሙ። አባ ይሄይስ እጃቸውን አጣጥፈው ዝም እንዲሉ የምስራች አዝዛቸው ነበር። እማማ ከላይኛው ሥዕል ጀምረው በጣታቸው ወረዱ፤ መስኮቱን ከፈቱ፣ ክብሪቱን ጫሩ፣ ማዞሪያውን አዞሩ። ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል በጸጥታ ዙሪያውን ያዘ።

«ዛሬ ሳያነቡልኝ ገራም ሆነ» አሉ ባላቸውን በጎን እያዩ።

ከዚያ ወዲህ አባ ይሄይስ ጣታቸውን ያላሳለፉበት መመሪያ አላተምንም፤ ያቆማቸውን ቦታ ሁሉ እናርማለን። በየቤቱ ሰው አስተርጓሚ ሳይጠብቅ ዕቃውን ያዘዋል።

በዚያው እሑድ ጠዋት፣ በእስራኤል የሥራ ሳምንት ሲጀምር፣ አባ ይሄይስ ምሳቸውን ይዘው፣ እማማን ከምድጃው ጋር ትተው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ወደ ሥራ አውቶቡሳቸው ወረዱ።