በዘጠኝ ዓመታቸው ማኅበር ያቋቋሙት «እመት ለምን»

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፣ የታላቅ እህቴን ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ አደራ ስለጣለብኝ ጥቂት ታገሡኝ።

«እመት ለምን» ከአናጢ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን የተወለዱ የበኵር ልጅ ሲሆኑ፣ ይህ ቅጽል ስም የወጣላቸው አፍ ከፈቱ ጀምሮ ለምን ሳይሉ የሚያልፉት ነገር ስላልነበረ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳሉ በደም ካንሰር ታመው ሆስፒታል ሲተኙም፣ ሐኪሞቹን በጥያቄ መውጫ መግቢያ አሳጥተው የመድኃኒታቸውን ስምና ሥራ ከነርሶቹ እኩል አወቁ።

አንድ ጠዋት አዲስ የገባች የአምስት ዓመት ልጅ የጨረር ክፍሉን በር ይዛ አልገባም ብላ ስታለቅስ ያዩት እህታችን፣ የግሉኮስ ማቆሚያቸውን እየገፉ ቀርበው «እኔ ስድስቴ ገብቻለሁ፤ ማሽኑ ይጮሃል እንጂ አይናከስም፤ ነይ ላሳይሽ» ቢሏት፣ ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ተከተለቻቸው። ከአልጋ በመነሣታቸው የተቆጧቸው ዋና ነርስም በማግስቱ ሌላ ልጅ ይዘው መጥተው «እባክሽ ይቺንም አስገቢልኝ» ሲሉ ለመኗቸው።

ሕመሙን ቀድሞ ያየ ልጅ አዲስ የመጣውን እጁን ይዞ የሚያስገባበት «የቀዳሚ ጓደኛ» ማኅበር የተፀነሰው ያን ጊዜ ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ሕፃን ማኅበር አያቋቁምም ቢሉ፣ «ሕፃን ካንሰር ይይዘው የለም እንዴ? ማኅበር ሲሆን ለምን ይከለከላል?» ብለው ስላስፈቀዱ፣ አባታችን ፈርመውላቸው እህታችን ሊቀመንበር ሆኑ። ሊቀመንበሩ ከአሥራ አምስት ዓመት እንዳይበልጥ ራሳቸው ባወጡት ደንብም፣ አሥራ ስድስት ሲሞላቸው እያጉረመረሙ ከወንበሩ ወረዱ።

ዓመት አይደፍኑም የተባሉት እህታችን ድነውና ተምረው በዚያው ሆስፒታል የጨረር ባለሙያ ሆኑ። የጨረር ማሽኑን ሊጠግኑ የመጡትን መሐንዲስ ለምን ተበላሸ እያሉ ሦስት ቀን ቢያፋጥጧቸው፣ ሰውየው ማሽኑ ከተሠራም በኋላ መመላለሱን አልተዉም፤ ተጋብተውም ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ባለፈው ዓመት ሕመሙ በሌላ መልክ ሲመለስባቸው፣ አልጋ ላይ ሆነው ማኅበሩ ሥራ ለሚጀምርበት አሥራ ሁለተኛ ሆስፒታል የሚመደቡትን ልጆች ሲያሠለጥኑ ከረሙ። ሥራው የተከፈተ ዕለት የልጆቹን ጭብጨባ በስልክ ሰምተው፣ ፊታቸው በርቶ «ጀመሩ» አሉን። በሦስተኛው ቀን፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና እጃቸውን ይዘው ያስገቧቸውን፣ ዛሬ ወላጅ የሆኑ ብዙዎችን ትተው አልፈዋል። የአሥር ዓመቷ የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን በመካከላችን የለችም፤ ዛሬ ጠዋት አዲስ ልጅ ስለገባ ሥራ ላይ ናት።

አምላክ ነፍሳቸውን ዕረፍት ባለበት ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።