ወጌሻው የገዛ እግሩን ያሰረ ዕለት

በአንኮበር ቁልቁለት ደመና ከላይ አይወርድም፤ ከታች ይወጣል። ማለዳ ከቆላው ተነሥቶ፣ ቀጠሮ እንደሌለው እንግዳ ዝግ ብሎ ዳገቱን ይያያዘዋል። መጀመሪያ ገደሉን፣ ቀጥሎ ዛፉን፣ በመጨረሻም የመንገደኛውን ጫማ ይሰውራል። ያን ጊዜ ሰው ለሰው ድምፅ ብቻ ይሆናል። አህያ ሲያናፋ ከሰማይ የመጣ ይመስላል።

እኔ አልዩ አምባ ገበያ ብርድ ልብስ ልሸጥ ወርጄ ነበር። ወደ ቆላ ብርድ ልብስ ይዞ የሚወርድ ነጋዴ በሌላው ሰው አስተዋይነት ላይ ለመፍረድ ብዙ ፊት እንደሌለው አውቃለሁ። ቢሆንም ያየሁትንና የሰማሁትን ልጻፍ።

በገበያው ማግስት በጎረቤላ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣውን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ልጠብቅ ያልተሸጠ ብርድ ልብሴን ተሸክሜ ከመንገዱ መታጠፊያ ስደርስ፣ ከደመናው ውስጥ አንድ ድምፅ፣

«ማነህ? ሰው ከሆንህ እግሬን እንዳትረግጥ» አለኝ።

«ሰው ነኝ። እግርዎ የት ነው?»

«እሱን እኔም እየፈለግሁት ነው።»

ጠጋ ስል አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ለጽድ ግንድ ሰጥተው፣ ቀኝ እግራቸውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የጎረቤላው ወጌሻ ጋሽ ኪዳነወልድ ናቸው። ከአንኮበር እስከ ቆላው ጫፍ እሳቸው አጥንት ያልጠገኑበት ቤት ጥቂት ነው። ያን ዕለት ግን የተሰበረው የራሳቸው ነበር። ትናንት ክንዷ ለተሰበረ አንዲት ሴት ሲወርዱ ዝናብ ያጠበው ድንጋይ ከዳቸው፤ ከጉልበታቸው በታች «ቀጭ» ሲል ሰሙት።

«ድምፁን ወዲያው አወቅሁት» አሉኝ፣ የድሮ ጎረቤት እንዳገኘ ሰው።

በአቅራቢያው ያሉ ገበሬዎች አሳደሯቸው። ጋሽ ኪዳነወልድም ከአቁማዳቸው የቀርከሃ ስንጣሪ አውጥተው፣ እግራቸውን በገዛ እጃቸው ዙሪያውን ደርድረው፣ በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት። ጠዋት ገበሬዎቹ በቃሬዛ ከመንገድ አድርሰዋቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«አሁን እንዴት ነው ሕመሙ?» አልኋቸው።

«ሌሊቱን አላስተኛኝ ብሎ ነበር። ንጋት ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ በሕልሜ እግሬ ብቻዋን መንገድ ትሄዳለች። እኔ ተቀምጬ አያታለሁ፤ እሷ ዞርም አላለች። ስነቃ ሕመሙ የለም። ቅዝቅዝ፣ ጸጥ! ማሰሪያው ያዘ ማለት ነው።»

ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ከደን ከደን ይላል። ደመናው በመካከላችን እየገባ አንዴ ጢማቸውን፣ አንዴ እጃቸውን ያሳየኛል። እኔም ሕልሙን የማየው እኔ ልሁን እሳቸው ግራ ገባኝ።

በዚህ መካከል ከታች በኩል የጫማ ኮቴ ተሰማ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የማላያችሁ ሰዎች!»

«ደኅና ነሽ ወይ፣ የማላይሽ ልጅ» አሉ ሽማግሌው።

«ይህ የአባባ ኪዳነወልድ ድምፅ ነው! እኔ ሱልጣና ነኝ፤ የዓብዱ ልጅ።»

«ግመል እጁን የረገጠበት የዓብዱ ልጅ?»

«አዎ። አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬም በዚያው እርስዎ ባሰሩለት እጁ ይበላል፣ ይመርቅዎታልም።»

ሱልጣና በደብረ ብርሃን የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች ወጣት ናት፤ ቤተሰብ ጠይቃ ትመለሳለች። ፈገግታዋ የቆየው ዓይኗ እግራቸው ላይ እስኪያርፍ ነው። ካየች በኋላ ሻንጣዋን አስቀምጣ ተንበረከከች።

«አባባ፣ ጣትዎን ልንካ?»

«ንኪ።»

ነካች። «ተሰማዎት?»

«መቼ ትነኪያለሽ ብዬ እየጠበቅሁሽ ነው።»

ልጅቱ እጇን ከጣታቸው ላይ አላነሣችም ነበር። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከማሰሪያው የወጡት ጣቶች አብጠው፣ የበሰለ ቀይ ሽንኩርት መልክ ይዘው ነበር።

«አባባ ኪዳነወልድ፣ ይህ ማሰሪያ አሁኑኑ መላላት አለበት። ከዚያም በዚሁ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንግባ። ራጅ ይነሡ፤ ሐኪም ይየው።»

ሽማግሌው የልጅ ቀልድ እንደሰማ ሰው ሳቁ። «ልጄ፣ የእኛን ሕግ አታውቂም። የወጌሻን ማሰሪያ ያሰረው እጅ ብቻ ይፈታዋል፤ ያውም በጊዜው። እኔ ጎረቤላ ላይ ከአውቶቡሱ ወርጄ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴ አልታየች ቅቤ ታነጥርልኛለች። አለቀ!»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምሻው፣ ልጅቱ ቋጠሮውን በጉልበት ልትፈታው ትችል እንደነበር ነው። ሽማግሌው ሊከላከሉ ይቅርና በቅጡም አልተቀመጡም። ነገር ግን የአባቷን እጅ ያዳነን ሰው ሕግ መድፈር አልሆነላትም። ስለዚህ የቀራት መንገድ አንድ ነበር፤ እሱም ንግግር።

«ሕጉን አከብራለሁ» አለች። «ያሰረው እጅ የእርስዎ ነው፤ እጅዎም አብሮዎት አለ። ይፍቱት።»

«ለምን ብዬ? ሕመሙ ከተወኝ በኋላ?»

«ሕመሙ አልተወዎትም፤ እግርዎ ነው ማውራት የተወው።»

«እናንተ የተማራችሁ ንግግር ታሳምራላችሁ። ሐኪም ቤት ግን የሚያውቀው መቁረጥ ነው። ጫጫ ያለው ገብረአብ በሁለት እግሩ ገብቶ በአንድ እግሩና በሁለት ክራንች ወጣ።»

«መቼ ነበር የሄደው?»

«እ... እግሩ ከጠቆረ በኋላ።»

«ሽታስ?»

«ሽታማ ነበረው። ቤተ ዘመድ በር ላይ ቆሞ ነበር የሚጠይቀው።»

«ማን ነበር ያሰረለት?»

ጋሽ ኪዳነወልድ ቀና አሉ። «እኔ አይደለሁም! ሰላ ድንጋይ ከተማ የሚኖረው ወጌሻ ነው። ያ ሰውዬ አጥንትና እንጨት አይለይም!»

«አዩ አባባ፣ ሐኪሙ ይቆርጣል ብለን እንዘገያለን። ስንዘገይ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ደግሞ 'አላልናችሁም?' እንላለን። ወላሂ፣ በዚህ አዙሪት ስንት እግር አለቀ!»

እኔም ምክር ማካፈል ግዴታዬ መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ጋሼ፣ ዘመኑ የሥልጣኔ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ...»

«አንተ ደግሞ» አሉ ሳይዞሩ፤ «ቆላ ብርድ ልብስ ስንት ሸጥህ?»

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ያለ እኔ በሚገባ ቀጠለ።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ደጄን ሲጠና የኖረው እኔን አምኖ ነው። 'ወጌሻው ራሱ ሐኪም ቤት ገባ' ከተባለ ነገ ማን ይመጣል? ጥበቡም ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

«'ወጌሻው ራሱ ባሰረው ገመድ እግሩን አጣ' ሲባልስ ማን ይመጣል?»

«እግሬን አላጣትም ብዬሻለሁ። በሕልሜ ስትሄድ አይቻታለሁ።»

«ብቻዋን ነበር የሄደችው?»

«ብቻዋን።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ተቀምጬ ነበር አልሁሽ።» ንግግራቸውን ከጨረሱ በኋላ ራሳቸው የሰሙት መሰለኝ። ነገር ግን ሽማግሌ በሕልም ብቻ አይረታም። «ሕልም በተቃራኒው ነው የሚፈታ» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።

ደመናው እየወፈረ መጣ። ሦስታችንም በነጭ ውኃ ውስጥ የተቀመጥን መሰልን። ሱልጣና አውራ ጣቷን ከደመናው አውጥታ ከፊታቸው ደቀነች።

«ይችን ጣት ያስታውሷታል?»

«ምን ሆነች?»

«ልጅ ሆኜ ትልቅ ኪንታሮት ነበረብኝ። አባቴ እርስዎ ዘንድ ወስዶኝ እርስዎ ነዎት ያወጡልኝ። ምልክቱም የለ።»

ፊታቸው በራ። «እሱንማ በፈረስ ጭራ ነው። ከሥሩ አንዴ ጠበቅ ነው!»

«እንዴት ሆኖ ነው የሚወድቀው? ያኔ ልጅ ነበርሁ፤ ልብ አላልሁም። ያስተምሩኝ።»

ጋሽ ኪዳነወልድ መምህር ሆኑ። «ጭራውን ከሥሩ ታስሪያለሽ። ደም እንዳይደርሰው ነው። መጀመሪያ ያመዋል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ አትሰሚውም። ቀጥሎ ሕመሙ ይተወዋል። ይደነዝዛል፤ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ሥራው ተያዘ ትያለሽ። ከዚያ ይጠቁራል። ከዚያ...»

ቆሙ።

ልጅቱ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ይህን አስተዋይነቷን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ፤ እኔ ብሆን ኖሮ ተረት እጨምር ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ጣቶቻቸው አዩ። ደመናው አለፍ ብሎ አሳያቸው፤ መልሶ ሸፈነው፤ እንደገና አሳያቸው።

«ከዚያ ይወድቃል» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ።

እጃቸው ወደ ቋጠሮው ሄደ። የሌላውን ሰው ማሰሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱ ሰው የራሳቸው ሲሆን ጣታቸው ተንቀጠቀጠ። ሱልጣና እንዴት እንደሚያላሉት እየነገረች፣ ስንጣሪው ግን እግሩን ደግፎ እንዲቆይ እያደረገች፣ ጨርቁ ዙር በዙር ተለቀቀ። ማሸትና ቅቤ መቀባት እንደማይገባ ነገረቻቸው፤ እኔም ከብርድ ልብሶቹ አንዱን አጣጥፌ ከእግራቸው ሥር አደረግሁ። በዚያ ጉዞ አንድ ብርድ ልብስ ጠቃሚ ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ኪዳነወልድ ገደሉ እስኪመልስላቸው ድረስ ጮኹ።

«አልሃምዱሊላህ!» አለች ሱልጣና።

«አንቺ! ሰው ሲጮህ ታመሰግኛለሽ?»

«ተሰማዎት እኮ፣ አባባ! ደም ገባ ማለት ነው።»

«ገባ! ኧረ ገባ! እሳት ይዞ ገባ!»

አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ከደመናው ወጣ። ተሳፋሪዎች ወንበር ለቀውልን፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ አስደግፈን ዳገቱን ወጣን። ሽማግሌው በየጉድጓዱ ላይ ሹፌሩን ከነትውልዱ አነሱት፤ ሱልጣናም በየስድቡ ትደሰት ነበር።

ጎረቤላ ስንደርስ እውነተኛው ፈተና መጣ። የጋሽ ኪዳነወልድ ቤት ከመንገዱ ዳር ነው። ባለቤታቸው እትዬ አልታየች ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው በር ላይ ቆመዋል። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ክንዱን በነጠላ ያንጠለጠለ ጎልማሳና ሌሎችም በሽተኞች ወጌሻውን ይጠብቃሉ። የሁሉም ዓይን ወደ አውቶቡሱ መስኮት ነው።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

ሱልጣና መሬት መሬት ታያለች። ጋሽ ኪዳነወልድ ሰዎቹን አዩ፤ እግራቸውን አዩ። አርባ ዓመት ያፈሩት ስም ውጭ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ እግራቸው ከእሳቸው ጋር ውስጥ ነው። ራሳቸውን በመስኮት አወጡ።

«አልታየች! ጋቢዬን አቀብይኝ። ሐኪም ቤት ልሄድ ነው።»

«አንተ? ሐኪም ቤት?» አሉ እትዬ አልታየች።

«እኔ! አንተም ባለ ክንዱ፣ ምን ያስገትርሃል? ግባ! አብረን ራጅ እንነሣለን።»

ሰውየውም ገባ። እትዬ አልታየችም ጋቢውን አቀብለው ሲያበቁ፣ «እኔን ጥለህማ አትሄድም» ብለው ገቡ። ቤቱ በር ላይ የቀሩት ሰዎች እርስ በርስ ሲተያዩ ጥለናቸው ሄድን።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ የተቀበለን ወጣት ሐኪም የማሰሪያውን ምልክት በእግራቸው ላይ እያየ ፊቱ ጠቆረ። «ማነው ይህን ያሰረው?» አለ። እንደሚገባኝ ይህን ጥያቄ በየጊዜው ይጠይቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ «አንድ ገጠር ያለ ሰው» ነው፤ ያ ሰውም አንድ ቀን ተገኝቶ አያውቅም።

ጋሽ ኪዳነወልድ እጃቸውን አነሡ። «እኔ ነኝ። የት ላይ እንዳጠበቅሁ አሳየኝ።»

ሐኪሙ ቁጣውን ትቶ ወደ እግራቸው ጎንበስ አለ። ከዚያም ወንበር ስቦ ተቀመጠና አሳያቸው። ራጁ አጥንቱ ሁለት ቦታ መሰበሩን ገለጠ፤ ያም በእጅ ዳሰሳ ብቻ የሚታወቅ አልነበረም። ጎረቤላ ላይ ወርደው ቅቤ ሲቀቡ ቢያድሩ ኖሮ እግራቸውን ማትረፍ እንደማይቻል ሐኪሙ ነገራቸው። እግሩ ግን በጊዜው ደርሷልና ተረፈ፤ እብጠቱ ሲጎድል በጄሶ ተያዘ፣ በወራት ውስጥም መሬት ረገጠ።

ጥቅሙ በእሳቸው ብቻ አላበቃም። ዛሬ ጎረቤላ ወለምታ ያገኘው ሰው አሁንም ወደ ጋሽ ኪዳነወልድ ይሄዳል፤ ጥበባቸው እንደፈሩት አልተቀበረም። አጥንት የተሰበረ ሲመጣ ግን እንዳይነቃነቅ ላላ አድርገው ደግፈው፣ ጣቱን እየነኩ «ተሰማህ?» ብለው ጠይቀው፣ አውቶቡስ ያሳፍሩታል። ሲደነዝዝ ዳነ ማለት እንዳልሆነ፣ ሲቀዘቅዝ በረደለት ማለት እንዳልሆነ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚሰማቸው ሁሉ ይናገራሉ። ክንዱን በነጠላ ያንጠለጠለው ጎልማሳም ዛሬ በዚያው ክንዱ ያርሳል። ወደ ሐኪም ቤት ቀድሞ የሚደርስ ሲበዛ፣ በክራንች የሚመለሰው አነሰ፤ በክራንች የሚመለሰው ሲያንስ ደግሞ ፍርሃቱ አብሮ አነሰ።

ባለፈው በዚያ ሳልፍ አንድ ኃይለኛ ገበሬ እግሩን ይዞ ደጃቸው ተቀምጦ ይሟገታቸዋል።

«ጋሼ፣ ምነው እኔ ላይ ሲደርስ የሐኪም ነገር አመጡ? ድሮ እርስዎ ራስዎ ጥብቅ አድርገው አልነበር እንዴ የሚያስሩ? እጅዎ እንኳ አይንቀጠቀጥም ነበር!»

ጋሽ ኪዳነወልድ ወደ አውቶቡሱ ምልክት እየሰጡ መለሱለት፦

«ያኔማ የማስረው የሰው እግር ነበር።»