ደህናው ጎን ወደ ውጭ

ከቁስቋም ቁልቁል ልንወርድ ስንል፣ ፊት የተቀመጡት አዛውንት የአሮጌዋን ታክሲ ሾፌር በጥያቄ ያዙት።

«ልጄ፣ የፊት ጎማህ ትናንት በውጭ በኩል መላጣ አልነበር? በአንድ ሌሊት ጠጉር አበቀለ?»

«ጎሚስታው ገልብጦ አሰረልኝ፣ አባባ። መላጣው ወደ ውስጥ ዞረ።»

«ለምን በአንድ ጎን ብቻ እንደሚበላስ ጠየቅኸው?»

«ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ስለማይሄዱ ነው፣ ይቃኑ አለኝ። ጊዜ የለኝም አልኩት።»

«ታዲያ መገልበጡ ምን ጠቀመ?»

«ትራፊኩ አጎንብሶ አያይማ!»

«ጃንሆይ ያልፋሉ ሲባል አጥራችንን በመንገዱ በኩል ብቻ እንደምንቀባው በለኛ!»

«እንዴታ! ግቢ ገብቶ ማን ያያል?»

«እዚያው የምንኖረው እኛ ነና!»

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ፤ አዛውንቱ ግን አልሳቁም።

ቁልቁለቱን ስንጀምር እጄ የበሩን እጀታ ጨብጦ አገኘሁት።