በአንድ ሊትር ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር

ታላቅ ወንድሜን ለመሸኘት ሥራችሁን ጥላችሁ፣ መንገድ አቋርጣችሁ እዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ፣ ድካማችሁን በደስታ የምንከፍል ያድርገን። ይህን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ልጃቸው ጽፋ የሰጠችኝ ወረቀት ነበር፤ ጥሩ ወረቀት ነው፣ ቀኑ ከዓመቱ ጋር ተሟልቶ፣ ፊደሉ አምሮ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን እኔ የማውቀው፣ እርሷ ግን የማታውቀው አንድ ነገር ስለ ጎደለው፣ ፈቃዷን ጠይቄ እንደ ገና ጻፍሁት። መካከል ላይ ድምፄ ቢቆም ጥቂት ታገሡኝ።

ወንድማችን የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት አባታችንና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታችን፣ የዛሬ ሰባ ሦስት ዓመት፣ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ተወለዱ። እኔ የተከተልኋቸው ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ነው፤ እናታችንም ከስፌታቸው ቀና የሚሉበት ጊዜ ስላልነበራቸው፣ እኔን ማጠብ፣ ማልበስና ትምህርት ቤት ማድረስ በወንድሜ ትከሻ ላይ ወደቀ። ዝናብ በጣለ ቀን ጫማዬ እንዳይበሰብስ አዝለውኝ ጭቃውን ይሻገሩና፣ እኔን ደረቅ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እርሳቸው እግራቸው እንደ ራሰ ወደ ክፍላቸው ይሄዱ ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ሲናገሩ የሰማኋቸው ቢኖር «ያዝ፣ አጥብቀህ ያዝ» የሚለውን ብቻ ነው።

በትምህርታቸው ሒሳብን እንደ ውኃ ይጠጡት ነበር፤ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ግን ብዕሩ በእጃቸው ላይ ይደርቃል። አንድ ጊዜ መምህራቸው ስለ ቤተሰባችሁ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ ቢሏቸው፣ ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው «አራት ነን» ብለው ጽፈው አስረክበዋል። ይህ በቤታችን ውስጥ ለሃምሳ ዓመት ሲያስቀን የኖረ ቀልድ ነው። ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሱም የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብተው በሁለት ዓመት በማዕረግ ተመረቁ።

ከዚያም በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የስምሪት ክፍል ተቀጥረው፣ ከተራ ጸሐፊነት እስከ ክፍል ኃላፊነት ደርሰው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አገለገሉ። ቢሯቸው ወደ ግቢው በር የምታይ አንዲት መስኮት ያለችው ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ በዚያች መስኮት የስምሪት ወረቀት ሳይቀበል የወጣ መኪና አልነበረም። በወረቀቱ ላይ ከየት ወዴት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሊትር የሚሉ መደቦች ነበሩ፤ ወንድሜ ከሁሉ አብልጠው የሚጨነቁለት ግን «የጉዞው ምክንያት» የሚለው መደብ ነበር፤ ምክንያት ያልተጻፈበት ጉዞ በእርሳቸው ዘንድ ከስርቆት አይለይም። ሾፌሮቹም ከነዳጅ ታንክ ጠብታ ብትጎድል ያውቃሉ ሲሉ «ጠብታ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ይህን ስም ከጀርባቸው የሚጠሩት ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ቆመው እያለቀሱ ነው። ከእነርሱ አንዱ ነዳጅ ሸጠሃል ተብሎ ሊባረር ሲል፣ ወንድሜ ከጎኑ ተቀምጠው ዳገቱን ወጥተው፣ ቁልቁለቱን ወርደው፣ በገዛ እጃቸው ለክተው፣ ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የታንኩ ስንጥቅ መሆኑን አረጋግጠው ከእንጀራው ላይ እንዳይነሣ አድርገዋል።

ባለቤታቸውን ያገኙት በስልክ ነው። እትዬ የስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ፤ ወንድሜ ወደ ቅርንጫፎቹ መስመር ሲጠይቁ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፃቸውን ሰምተው፣ ፊታቸውን ያዩት በሦስተኛው ዓመት ነው። እትዬ እንዳጫወቱን፣ አንድ ቀን ወንድሜ ደውለው ዝም ቢሉ፣ ወዴት ላገናኝዎ ብለው ይጠይቋቸዋል፤ እርሳቸውም ወዴትም አይደለም ብለው ይመልሳሉ። ያለ ምክንያት የደወሉት በዕድሜያቸው ያንን አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እርሱም ለሠላሳ አንድ ዓመት ትዳርና ዛሬ በሌላ ከተማ በላብራቶሪ ባለሙያነት ለምትሠራው ለአንዲት ልጃቸው በቅቷል።

እትዬ በጡረታቸውም ኦፕሬተር እንደ ሆኑ ኖሩ። ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ተኳረፈ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ፤ ለዘመዱ ሁሉ ይደውላሉ፣ ወንድሜ ደግሞ ከኋላ ሆነው «ሰላም በያቸው» ይላሉ። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት ከወንድሜ ጋር ያወራሁ እየመሰለኝ ያወራሁት ከእትዬ ጋር ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት እትዬ ባረፉ ጊዜ ያ ስልክ ጸጥ አለ፤ እርሳቸው መደወል አያውቁበትም፣ እኔም እስኪደወልልኝ የምጠብቅ ሰው ነኝ።

የዛሬ አራት ዓመት ልጃቸው ወትውታ አሮጌዋን መኪናቸውን አሸጠቻቸውና፣ ትንሽ ሃይብሪድ መኪና ገዙ፤ በቤንዚንና በባትሪ የምትሄድ፣ ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯ የሚጠፋ፣ ፍሬን ሲያዝ ኃይሉን ወደ ባትሪዋ የምትመልስ ናት። ከመኪናዋ ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ በአንድ ሊትር ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይህን ለወንድሜ ማሳየት ነገር መፈለግ ነው። መኪናዋ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የምታሳየውን ቁጥር ራሷን ስታመሰግን ነው ብለው ስለማያምኑት፣ ሁልጊዜ በአንድ ማደያ፣ በአንድ ፓምፕ፣ ቀጂዋ እጀታው መጀመሪያ ቀጭ ሲል እንድታቆም እያስጠነቀቁ ይሞሉና፣ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ጥሩምባውን ሲያስጮህ እርሳቸው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ ያካፍሉ ነበር። ያገኙትም አሥራ ሰባት ነጥብ አራት ነው። አልተቀበሉትም። መጀመሪያ ሌባ ነው ብለው ለነዳጅ መክደኛዋ ቁልፍ አስገጠሙ፤ ቀጥሎ ቀጂዋን ጠረጠሩ፤ በመጨረሻም የሚጠረጠር ሰው ሲያልቅባቸው መኪናዋን መካኒክ ዘንድ ወሰዷት።

መካኒኩ ዛሬ እዚህ አለ፤ የነገረኝም እርሱ ነው። ሞተሯን፣ ጎማዋን፣ ባትሪዋን አይቶ ሲያበቃ ወዴት ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። እርሳቸውም እስከ ዳቦ ቤቱ፣ እስከ ፋርማሲው፣ በወር አንድ ጊዜ እስከ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ መሆኑን ነገሩት፤ ሁሉም ከሁለት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሞተር ደግሞ እስኪሞቅ ድረስ ነዳጁን የሚያቃጥለው ለራሱ ነውና፣ በአጭር መንገድ ላይ ሃይብሪድም ሆነ ሌላው ከዚያ አያልፍም። ይህን ሁሉ ከማስረዳት ሲያሳጥረው እንዲህ አላቸው፦

«ጋሼ፣ መኪናዋ ምንም የላትም። የሚሄዱበት ነው ያጠረው።»

ወንድሜም ቁልፋቸውን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሳያስነሡ ብዙ ቆይተው ሄዱ ብሎኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኔ ቤት መምጣት የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። ከቤታቸው እስከ ቤቴ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም ሜዳማ፣ መብራት የበዛበትና ለእንዲህ ያለች መኪና የተመቸ ነው። ቀይ መብራት ከሩቅ ሲያዩ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አንሥተው እየተንሸራተቱ ይደርሳሉ፤ ክብደት ለመቀነስ ተጠባባቂ ጎማውንና ክሪኩን ቤት ትተው፣ በዚያ ሙቀት ማቀዝቀዣ ሳይከፍቱ፣ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ይመጣሉ። በር ስከፍትላቸው ከሰላምታ በፊት የሚነግሩኝ ያለፈውን ቅዳሜ ቁጥር ነው፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ከግማሽ፣ አንድ ቀንም ሃያ አራት ነጥብ ስምንት። ባለቤቴ አንድ ከረጢት ድንች አዘጋጅታ ብትሰጣቸው ልኬቱን ያበላሽብኛል ብለው መለሱላትና ተቀየመቻቸው። ሃያ አምስት ደቂቃ ከተቀመጡ ደግሞ ሰዓታቸውን ያዩና፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ልሂድ ብለው ይነሣሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ተናደድሁ። ያን ጊዜ እግሬን ተሰብሬ በከዘራ ነበር የምሄደው፤ ወንድሜ መጥተው ስለ ጎማ ነፋስ ሲያወሩ፣ እግርህስ የሚል ቃል ከአፋቸው አለመውጣቱ አንገበገበኝ። ሰው ወንድሙን ሊያይ ይመጣል እንጂ በወንድሙ ቤት ሞተር ሊያሞቅ ይመጣል ወይ አልሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ምክንያት የሚንቀሳቀስን ሰው ሲመልሱ የኖሩ ሰው፣ ናፍቄህ ነው የመጣሁት የሚለውን የሚጽፉበት መደብ እንደ ሌላቸው ያን ጊዜ አልገባኝም። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ እንደ ቆሙ፣ ግቡም ሳልላቸው፣ እንዲህ አልኋቸው፦

«ጋሼ፣ የሚመጡት ለመኪናዋ ፍተሻ ከሆነ ሌላ መንገድ ይፈልጉ። እኛም ሥራ አለን።»

«እሺ፣ ልክ ነህ» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በሬን አላንኳኩም፤ እኔም አልደወልሁም። ባለቤቴ የከረጢቱን ነገር ረስታ፣ ታላቅህ ናቸው፣ አንተ ሂድ ብላ ብትመክረኝ አሻፈረኝ አልሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔም አርባ አንድ ሳምንት ስውጠው ኖርሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደረታቸውን በወጋቸው ጊዜ ማንንም አልጠሩም። ራሳቸው ነድተው ሐኪም ቤት ደርሰው፣ መኪናዋን ከመስመሩ ሳትወጣ አስተካክለው አቁመው፣ ቁልፉን ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አስረከቡ። የቅርብ ዘመድ ሲጠየቁ የልጃቸውን ስልክ ሰጡ፤ እርሷ ሩቅ ናት፣ በቅርብ ያለ ሰው ይንገሩን ቢሏቸው፣ ሌላውን ሥራ አላስፈታም አሉ። ልጃቸው ደውላልኝ፣ በዚያ እርሳቸው ይመጡበት በነበረው መንገድ ላይ ስበር ስደርስ አንድ ሰዓት ቀድመውኝ ነበር።

አሁን ልጃቸው የማታውቀውን ልንገራችሁ። ትናንት ከሰዓት ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ ሊያጽናናኝ መጥቶ፣ ያረፉት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት አባት ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መምጣት ከተዉ ዓመት ሊሆናቸው ነው አልሁት። ባለፈውም ቅዳሜ ነበሩ አለኝ። መኪናቸውን ከሱቁ ጎን አቁመው፣ አንድ ውኃ ገዝተው፣ ለደንበኛ ባስቀመጠው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በሬን እያዩ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ ይቆያሉ፤ ሊሄዱ ሲነሡም «እግሩ እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቁታል። ከዘራዬን የጣልሁ ሰሞን ይህንኑ ቢነግራቸው፣ ደስ ብሏቸው ለእርሱም ውኃ ጋበዙት። ተጣልተው ይሆናል፣ በወንድማማች መካከል ምን ጥልቅ አደረገኝ ብሎ ነው ለእኔ ያልነገረኝ። እኔም በአጥሬ ውስጥ ሆኜ አንድ ቀን አልሰማሁም፤ ያቺ መኪና ቀስ ብላ በባትሪ ስትመጣ ድምፅ የላትም።

ባለ ሱቁን ሸኝቼ፣ ከሐኪም ቤቱ ባመጣናት መኪና ውስጥ ያለውን ደብተር አውጥቼ ተመለከትሁ። እስከ ተቀያየምንበት ቀን ድረስ ኪሎ ሜትሩም፣ ሊትሩም፣ ውጤቱም እስከ ነጥቡ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሰባ ስድስት፣ ሰባ ስድስት፣ ሰባ ስድስት የሚል ብቻ አለ፤ የሊትሩ መደብ ባዶ ነው። ወንድሜ መለካት ትተው ነበር። መኪናዋ ሃያ ስድስት ትድረስ አትድረስ፣ ማንም የሚያውቅ የለም።

ወንድማችን በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ሲያርፉ፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ አማች፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ብዙ ያስመረሯቸውና ብዙ የሚወዷቸው ሾፌሮች፣ እንዲሁም አርባ አንድ ጊዜ ደጁ ድረስ መጥተው አንድ ጊዜ እንኳ ያልከፈተላቸውን ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። እኛን የቀረነውን ያጽናን። እርሳቸውን ደግሞ ፈጣሪ ራሱ በሩን ከፍቶ ይቀበላቸው፤ ገብተውም ሳይቸኩሉ ይቀመጡ።