ካፉሪ የሄደው ድንኳን

ስንቅነሽ፣ ነይ እዚህ ጥላው ጫፍ ላይ ተጠጊ። ከካላክላ በሐፍላ ተሳፍረሽ ነው የመጣሽው? ሹፌሩ ሰው እንደ ጆንያ ጠቅጥቆ መስኮቱንም አላስከፍት አለ አይደል? ማዓሌሽ፣ አይዞሽ ልጄ፣ የግንቦት ፀሐይ ነው፣ ለማንም አያዳላም። እግርሽን ዘርጊ። የጠፍር አልጋው የጎረቤታችን የዳውድ ነው፤ ጠዋት ከነልጆቹ ተሸክሞ ለለቅሶው አመጣልን። ከግንቡ እስከ ኒም ዛፉ አንሶላ የወጠረልንም እሱ ነው። ሱዳናዊ እኮ ነው፤ የእድራችን አባል እንኳ አይደለም... ምናልባት ቶሎ የደረሰው ለዚህ ይሆናል።

ኋላችን ማን እንደተቀመጠ አየሽ? አትዙሪ! እኔ መቼም ስም አልጠራም። ስለ አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው ላጫውትሽ ነው፤ ቢሰማም ግድ የለም፣ ምስጋና ነው።

እኚህ ሰው የእድር ሊቀመንበር ናቸው። ጸጉራቸው ጥቁር ሳለ የያዙትን ወንበር እስከ ሽበት አለቀቁትም። ይህን ጽናት ከየት ታገኛለሽ? አምና ታዲያ ዓባይ ዳር ካለ ትልቅ ሆቴል ለነባር መሪዎች የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ተሰጠ፤ ሄዱ። ካረጁ አይበጁ ይላል አገሩ። ሐሰት! እሳቸው የበጁት ካረጁ በኋላ ነው... ለካፉሪ ባለቪላዎች።

ሥልጠናውን እንዳትንቂብኝ። የሰጧቸውን መጽሐፍ ተውሼ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ የታሸገበትን ላስቲክ የቀደድኩትም እኔ ነኝ። ግሩም ነው! ብዙ ዘመን የመራ ሰው ከእንዲህ ያለ ትምህርት የሚያተርፈው፣ አውቀዋለሁ ያለውን እንደገና መጠየቅን ነው ይላል። ታናናሾችህ ሲሞግቱህ ስማ፣ አዲስ ነገር ስትጀምር በትንሹ ሞክረው፣ ከሁሉ በፊት ግን ወጥተህ ሰዉን ምን ቸገረህ በለው ይላል። ይኼ እንግዲህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። የዚያን ቀን ሐፍላ አጥተው አርፍደው ይሆናል... ምሳው ግን እንዳላመለጣቸው ሰምቻለሁ።

ሲመለሱ ሰበሰቡን፤ ታስታውሻለሽ? አባልነታችን ቀረና "ውድ ደንበኞቻችን" ተባልን። ደስ አይልም? በዚህ ዕድሜዬ ደንበኛ ሆንኩ! ከዚያ "ድንኳናችን ተኝቶ ይውላል። ሐዘን በየቀኑ የለም፣ ሠርግ ግን አለ፤ እናከራየው" አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አምኃ ራሱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ፊት ተቀምጦ አጨበጨበ። ያንን ድንኳን ከልብስ ስፌቱ በተረፈው ሰዓት፣ በገዛ ስፌት መኪናው፣ ያለ አንዳች ክፍያ የሰፋው እሱ መሆኑን እንኳ አላነሳም። ልባም ሰው ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እኮ፣ ድሩን የሚያከራይ እስኪመጣ ነው።

ለነገሩ ጥፋቱ የማን ነው? የአምኃ ነዋ! ሠርግ በሚደራበት ሳምንት፣ ያውም ሐሙስ ቀን ይሞታል? ትንሽ ቢታገሥ ምን ነበረበት? ድንኳኑ ካፉሪ አንድ ግቢ ተተክሎ ሙሽራ ተሞሽራበታለች፤ ወንበሩም ድስቱም አጅቧት ሄዷል። እኛ ትናንት ቀብረን ወደዚህ ወደ ሰፈራችን ጀብራ ስንመለስ የጠበቀን ራቁቱን የቀረ ግቢ ነው። ወሰንየለሽን እያት... ባሏን አፈር አልብሳ መጥታ፣ ጠራራው ላይ እንደቆመች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውሃ አፈሰስንባት። ዓይኗን ስትገልጥ "አምኃ የሰፋው የት ሄደ?" አለች እንጂ ማንንም አልረገመችም። ነገ ሠልስቱ ነው፤ ከባሕሪም ከኦምዱርማንም ሰው ይመጣል። ይህች አንሶላ ማንን ትሸፍናለች?

አባቴ "የተማረ ይግደለኝ" ይሉ ነበር። ከገደለ በኋላ ድንኳኑን ማን እንደሚጥል ግን ሳይነግሩኝ ሞቱ።

የሚገርመው፣ ሠርጉ እኮ ትናንት አልቋል፤ ድንኳኑ ዛሬ የቆመው ለተረፈው ጭፈራ ነው አሉ። አንድ ሰው ስልኩን አንስቶ "ሰው ሞቶብናል" ቢላቸው ምን የሚሉ ይመስልሻል? ሱዳን እኮ ሐዘን ያውቃል፤ ራሳቸው ነቅለው፣ ጭነው፣ እያለቀሱ ያመጡልን ነበር። ግን ውል ውል ነው፤ ደንበኛ ይቀየማል። እኛስ ደንበኛ አልነበርንም ወይ? ነበርን... እኛ ግን ብንቀየም የት እንሄዳለን?

እ? ስልካቸውን አወጡ? ተመስገን! እኔኮ ልባቸው ደግ ነው ብዬ... ቆይ፣ ዝም በይ፣ እንስማ።

...

"አይዋ፣ የፊታችን ሐሙስ ጠይብ፣ ድንኳኑ ነጻ ነው" ነው ያሉት? ለሌላ ሠርግ። ጎሽ! እንግዲህ ኢንሻላህ፣ በሚመጣው ሐሙስ ማናችንም አንሞትም።

ተነሡ፤ ሊሄዱ ነው። ሌላ ስብሰባ ይኖርባቸዋል። ነይ እኛም እንነሣላቸው፣ ትልቅ ሰው ተቀምጠው አይሸኙትም። እኔ ልመርቅ፣ አንቺ አሜን በዪ፤ እንዲሰማ ጮክ አድርገሽ፦

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ወንበራቸውን ያጽናላቸው። ሥራቸውን ይባርክላቸው። ደንበኛውን እንኳ በራሳቸው ጥረት አብዝተውታል... ቀባሪ አያሳጣቸው።